ንግስቲቱን ሳያዩ ቀፎን ማወቅ

ጥያቄ፦ ሁለት ዘመናዊ ቀፎዎች አሉኝ። ንግስቲቱን ለማየት ብዬ በየሦስት ቀኑ እከፍታለሁ፤ እስካሁን ግን አይቻት አላውቅም። ንቦቹም እየዋለ እያደረ ቁጡ ሆኑብኝ። እንዴት ብከታተላቸው ይሻላል?

መልስ፦ ንግስቲቱን መፈለጉን ይተዉት። መኖሯን እንቁላሏ ይነግርዎታል። የንቦቹ ቁጣም አይግረምዎት። ልጆቻቸውን የሚያሳድጉበትን ቦታ ከ34 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሙቀው ይይዛሉ። ክዳኑን ባነሱ ቁጥር ያ ሙቀት ይበተንባቸዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ከውጭ ይዩ። መግቢያው ፊት ለፊት አይቁሙ፤ ከጎን ቁጭ ይበሉ። የሚገቡትን ንቦች የኋላ እግር ልብ ብለው ይመልከቱ። ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ድቡልቡል ነገር ከያዙ የአበባ ዱቄት ነው፤ እጮች (ከእንቁላል የተፈለፈሉት ትል መሳይ ልጆች) የሚያድጉት በእሱ ነው። በብዛት እየገባ ከሆነ ንግስቲቱ ሥራ ላይ ሳትሆን አትቀርም።

ከሰዓት በኋላ ብዙ ንቦች ፊታቸውን ወደ ቀፎው አዙረው ሲያንዣብቡ ካዩ፣ ሊኮበልሉ ነው ብለው አይደንግጡ። ወጣቶቹ ቤታቸውን እያጠኑ ነው፤ ትንሽ ቆይተው ይረጋጋሉ። መግቢያው ላይ ተናንቀው የሚንከባለሉ ከሆነ ግን ዘራፊ፣ ማለትም ማር ሊሰርቅ የመጣ የሌላ ቀፎ ንብ፣ መጥቷል። መግቢያውን ቶሎ ያጥብቡት።

መክፈት ካለብዎ ፀሐያማና ነፋስ የሌለበት ሰዓት ይምረጡ። ያን ጊዜ አብዛኞቹ ቀሳሚዎች ውጭ ናቸው። በመግቢያው ትንሽ ጢስ ይስጡና አንድ ሁለት ደቂቃ ይታገሱ። ጢሱ የአደጋ ሽታቸውን ይሸፍናል። አንዷ ከነደፈችዎ መንደፊያዋን ወዲያው በጥፍርዎ ፍቀው ያውጡ፤ ቦታውንም ጢስ ያስነኩት። አለበለዚያ ሽታው ሌሎቹን ይጠራል።

አሁን ከመሃል አንድ ፍሬም (ንቦቹ የሰም እንጀራቸውን የሚሠሩበትን የእንጨት ክፈፍ) በቀስታ ያንሱ። ንግስቲቱ ብትወድቅ ተመልሳ እዚያው እንድትገባ ከቀፎው በላይ ይያዙት። ጀርባዎን ለፀሐይ ይስጡ፤ ብርሃኑ እስከ ቀዳዳዎቹ ወለል ይግባ። እዚያ ነጭ፣ ቀጭን፣ 1.5 ሚሊ ሜትር የምታክል እንቁላል ያያሉ። ለእኔ ቀፎ ውስጥ ካለው ሁሉ የምትበልጠው ይህች ናት። በተጣለችበት ቀን ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ከዚያ እያዘመመች ሄዳ በሦስተኛው ቀን ትተኛለች። የቆመች ካገኙ ንግስቲቱ በቅርብ ሰዓታት እዚያ ነበረች ማለት ነው። ሌላ ፍሬም ማንሳት አያስፈልግም፤ ክደኑት።

በአንድ ቀዳዳ ብዙ እንቁላል፣ ያውም ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ካዩ ግን ነገሩ ተበላሽቷል። ንግስት የለችም፤ እንቁላል የሚጥሉት ሠራተኞቹ ናቸው። ከእነሱ እንቁላል የሚወጣው ድንጉላ (ወንድ ንብ) ብቻ ነው።

አንዲት ንብ እንጀራው ላይ ሆዷን እያወዛወዘች ስትሮጥ ካዩ ለአፍታ ቆም ይበሉ። አበባው በየት አቅጣጫና በምን ያህል ርቀት እንዳለ ለጓደኞቿ እየነገረቻቸው ነው። ይህንን ቋንቋ የፈታው ካርል ቮን ፍሪሽ በ1973 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሸልሞበታል።

በየሦስት ቀኑ መክፈቱ ይቅር። መንጋ በሚጥሉበት ወቅት፣ ማለትም ከፊሎቹ ንቦች ከንግስቲቱ ጋር ወጥተው አዲስ ቤት በሚፈልጉበት ጊዜ፣ በየ7 ቀኑ ማየት ይበቃል፤ መንጋው ብዙውን ጊዜ የሚወጣው አዲሷ ንግስት የምታድግበት ቤት ሲታሸግ፣ እንቁላሏ በተጣለ በ8ኛው ቀን ገደማ፣ ስለሆነ አይቀድሙዎትም። ያን ጊዜ የእንጀራውን የታች ጠርዝ ይፈትሹ። ለውዝ የመሰለ የንግስት ቤት ተንጠልጥሎ ካገኙ ለመንጋው የሚሆን ባዶ ቀፎ አሁኑኑ ያዘጋጁ።