ራሱን ሊያጠፋ ለተነሣ ሰው ማዘን ኃጢአትን ማቃለል ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። በቅርቡ አንድ ሰው ራሱን ሊያጠፋ ከፍ ካለ ስፍራ ላይ ወጥቶ ሕዝብ ተሰብስቦ ያየው ነበር። የሚስቅ ነበር፣ በስልኩ የሚቀርጽ ነበር፣ «ምን ትጠብቃለህ? ዝለል!» እያለ የሚጮኽም ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በመጨረሻ ሰዎች ደርሰው አወረዱት። እኔ አልጮኽሁም። «እምነት የሌለው ሰው ነው» ብዬ መንገዴን ቀጠልሁ፤ በኋላም የደረሰኝን ቪዲዮ ለሌሎች አስተላለፍሁ። አንዲት እኅት በዚህ ክፉኛ ወቀሰችኝ። ነገር ግን ራስን ማጥፋት ይቅርታ የሌለው ኃጢአት እንደ ሆነ ነው የማውቀው። ለእንዲህ ያለ ሰው ማዘን ኃጢአቱን ማቃለል አይሆንም ወይ?

መልስ፦ ልጄ፣ «አትግደል» የሚለው ትእዛዝ የራስንም ነፍስ እንደሚጨምር ታውቂያለሽና እርሱን አልደግምልሽም። እኔን ያሳሰበኝ ይህን እውነት ይዘሽ የሄድሽበት መንገድ ነው፤ ብዙዎች ሲሄዱበት አይቻለሁና። ቤተ ክርስቲያን ራስን ማጥፋት ኃጢአት ነው ብላ የምታስተምረው ሰው ወደ ገደሉ እንዳይቀርብ አጥር ለማጠር ነው። እኛ ግን ከአጥሩ እንጨት ነቅለን ገደሉ አፍ ላይ የቆመውን ሰው እንመታበታለን፤ ይህንንም ለእምነት መቅናት እንለዋለን።

አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው መጥተው ገና ሳይቀመጡ «መምህር፣ ሞት ሞት ይለዋል፤ እባክዎ ስለ ገሃነም ይንገሩልኝ፣ ያስፈራሩልኝ» አሉ። ልጁ ቀና አላለም። ከጃኬቱ እጅጌ የተተረተረ ክር በጣቱ ይጠቀልላል፣ ይፈታል፣ መልሶ ይጠቀልላል። እናቱ ወጣ ሲሉልን «ገሃነምንማ ፈርቼ ነው እስከ ዛሬ የቆየሁት፤ አሁን ግን ደክሞኛል» አለኝ። ፍርሃቱን ከማናችንም በላይ ያውቀዋል። ያጣው አጠገቡ ቁጭ ብሎ «ምኑ ነው ያደከመህ?» የሚለውን ሰው ነበር። እናቲቱን አልወቅሳቸውም፤ ከእኛ ከመምህራን የሰሙትን ነው የደገሙት።

በዚህ ጉዳይ ሁሉም የሚጠቅሰው ይሁዳን ነው፤ ታሪኩን ግን ከመካከሉ ይጀምረዋል። ማቴዎስ ምዕራፍ 27ን ከመነሻው አንብቢው። ይሁዳ ከመሞቱ በፊት ወደ ሊቃነ ካህናቱና ወደ ሽማግሌዎቹ ሄዶ «ንጹሕ ደም አሳልፌ በመስጠቴ በድያለሁ» ብሏቸዋል። የበደለኛን መሥዋዕት መቀበል ሥራቸው የነበረ ሰዎች ምን መለሱለት? «እኛስ ምን አግዶን? አንተው ተጠንቀቅ!» በዚህ መልስና በይሁዳ ሞት መካከል ወንጌላዊው የጻፈው ብሩን በቤተ መቅደስ መጣሉንና መሄዱን ብቻ ነው። የይሁዳን በደል ማቅለሌ አይደለም፤ ወደ ጌታ መመለስ ሲችል አልተመለሰም። ግን ስለ ይሁዳ ይህን ያህል ስንሰብክ «ምን አግዶን» ስላሉት ሰዎች ለምን ዝም እንላለን? አንቺ «እምነት የሌለው ሰው ነው» ብለሽ ስታልፊ የተናገርሽው ከእነርሱ መልስ በምን ይለያል?

«ዝለል!» እያሉ ወደ ጮኹት ሰዎች ልምጣ። ጌታችንን በቤተ መቅደስ ጫፍ ላይ አቁሞ «ራስህን ወደ ታች ወርውር» ያለው ማን እንደ ሆነ ከማቴዎስ ምዕራፍ 4 ታውቂያለሽ። «ዝለል!» ያሉት ሰዎች አፋቸውን ለማን እንዳዋሱ ይወቁት። «ቀልድ ነበር» ለሚሉት፣ ከፍ ካለው ስፍራ የቆመው ሰው ቀልዱን አይሰማም፤ ስለ ራሱ የሚያስበው ክፉ ሐሳብ ሁሉ እውነት እንደ ሆነ የሚመሰክርለት ድምፅ ነው የሚሰማው።

ሊዮን ማን የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1981 ባሳተመው ጥናት እንዲህ ሕዝብ የተሰበሰበባቸውን 21 አጋጣሚዎች መርምሮ ነበር። በ10ሩ ሕዝቡ በሰውየው ላይ ሲያፌዝ ወይም ሲገፋፋው ተገኝቷል። ለዚህም ከሚያጋልጡት ነገሮች መካከል የተመልካቹ ብዛት፣ ጨለማና ርቀት እንደሚገኙበት አመለከተ። ማን እንደ ጮኸ አይታወቅም፤ የሚጮኹበት ሰው ዓይንም አይታይም። ዛሬ ይህን ሁሉ ስልክ በእጃችን አስይዞናል። ስለዚህ ስለ ቪዲዮው ያለ ማመቻመች እነግርሻለሁ። የአንድን ሰው የሕይወቱን እጅግ ክፉ ሰዓት ማሰራጨት ዕርቃኑን ማሳየት ነው። ያ ሰው ከዚያ ወርዷል፤ ነገ ደግሞ ሥራ መግባት፣ ጎረቤቱን ማየት አለበት። ዛሬውኑ አጥፊው፤ ለላክሽላቸውም ደውለሽ እንዲያጠፉት ለምኛቸው። ከዚያ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ።

«እምነት የሌለው» ስላልሽው፣ ኤልያስ እምነት አልነበረውም ልትዪ ነው? እሳት ከሰማይ ካወረደ ብዙም ሳይቆይ በምድረ በዳ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ «ይበቃኛል፤ ነፍሴን ውሰድ» ያለ ነቢይ ነው (1ኛ ነገሥት 19፥4)። ሙሴም ሸክሙ ሲከብደው ግደለኝ ብሏል፤ ዮናስም ሞትን ለምኗል። ኤልያስን እግዚአብሔር እንዴት እንደያዘው ተመልከቺ። መልአኩ ዳሰሰው፣ ተነሥተህ ብላ አለው፣ መልሶ እንዲተኛ ተወው፣ ሁለተኛ ቀሰቀሰውና «የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ» አለው። ወቀሳ የለም፣ ስብከትም የለም። «ኤልያስ ሆይ፣ በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከበላ፣ ካረፈና አርባ ቀን ከተጓዘ በኋላ ነው። እኛ ከጥያቄው እንጀምራለን፤ ያውም በቁጣ።

ሌላም ሐሰት አለ፤ ምእመናን ብቻ ሳይሆኑ የተማሩ ሰዎችም ይደግሙታል። «እሞታለሁ የሚል ሰው አያደርገውም» ይላሉ፤ ወይም በተቃራኒው «አንዴ የቆረጠን ሰው ማን ይመልሰዋል?» ይላሉ። ሁለቱም እጅን አጣጥፎ ለመቀመጥ የሚመቹ ናቸው። ሪቻርድ ሳይደን የተባለ ተመራማሪ በ1978 ባወጣው ጥናት ራሳቸውን ሊያጠፉ ሲሉ በሰው እጅ የተያዙ 515 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ከመቶ 94 ያህሉ ወይ በሕይወት ነበሩ፣ ወይ የሞቱት በተፈጥሮ ሞት ነበር። ያቺ ሰዓት ታልፋለች ማለት ነው፤ እንድታልፍ ግን ብዙ ጊዜ አጠገቡ ሰው ያስፈልጋል።

ይህን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 ያሳየናል። በፊልጵስዩስ የወኅኒው ጠባቂ እስረኞቹ ያመለጡ መስሎት ራሱን ሊገድል ሰይፉን መዘዘ። የጳውሎስን እግር በግንድ ያጣበቀው እርሱ ነበር፤ የጳውሎስም ጀርባ ገና ከግርፋቱ አልዳነም። ጳውሎስ ዝም ቢል ማን ይፈርድበት ነበር? እርሱ ግን በታላቅ ድምፅ «በራስህ ምንም ክፉ አታድርግ፣ ሁላችን ከዚህ አለንና» ብሎ ጮኸ። ስለ መዳን የተነጋገሩት ከዚያ በኋላ ነው፤ አስቀድሞ የሰማው ግን ሰዎች ከእርሱ ጋር እንዳሉ ነው። አንቺም እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥምሽ ቆመሽ ለሚያድኑት ሰዎች ደውዪ፣ የሚጮኹትን ዝም አሰኚ፣ ሰውየው የሚሰማሽ ከሆነ በለሆሳስ አነጋግሪው። ወዳጅሽ ከሆነ ደግሞ «ራስህን ለማጥፋት ታስባለህ?» ብሎ በግልጽ መጠየቅን አትፍሪ። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ይልቁንም ብቻውን የተሸከመውን ያቃልልለታል። ጸሎቱን አታቋርጪ፤ ሐኪም ዘንድም አድርሺው። «ጸበል ይበቃዋል» ብሎ ሕክምና የሚከለክል ቢገጥምሽ፣ ሐኪምን እግዚአብሔር እንደ ፈጠረው የሚናገረውን መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን አንብቢለት።

«ይቅርታ የሌለው» ባልሽው ላይ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በ4ኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያ ፓትርያርክ የነበረው ጢሞቴዎስ፣ አእምሮውን ስቶ ራሱን ለገደለ ሰው መሥዋዕት ይቀርብለት እንደ ሆነ ተጠይቆ ነበር። ካህኑ፣ ሰውየው በእርግጥ ከአእምሮው ውጭ ሆኖ እንዳደረገው በጥንቃቄ ይመርምር ብሎ መለሰ፤ ዘመዶች ሊዋሹ እንደሚችሉም አስጠነቀቀ። አባቶች ነገሩን አላቃለሉትም፤ ፍርዱን ግን ለመንገደኛ አልሰጡትም። ለአንቺም አልተሰጠሽም፣ ለእኔም ካለ ምርመራ አልተሰጠኝም።

ይህን ከሚያነብቡት መካከል ራሳቸው በዚያ ጭንቀት ውስጥ ያሉ እንዳሉ አውቃለሁ። ልጆቼ፣ ዛሬ ለአንድ ሰው ንገሩ፤ ለቤተ ሰብ፣ ለወዳጅ፣ ለካህን ወይም ለሐኪም። ሌሊት ከሆነ እስኪነጋ አትጠብቁ፣ ሰው ቀስቅሱ፤ ብቻችሁንም አትደሩ። የመጀመሪያው ሰው ቢያመናጭቃችሁ፣ እርሱ ካህን ቢሆን እንኳ፣ ጥፋቱ የእርሱ ነው፤ ወደ ሁለተኛው ሂዱ።