ጅረቱን ያጸዳነው በደቦ ነበር፤ የሚጠብቀውስ ማን ነው?

ጥያቄ፦ ክቡር አዘጋጅ፣ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ሠፈራችንን አቋርጦ ወደ በሬሳ ወንዝ የሚገባ ትንሽ ጅረት አለ። አምና ግንቦት ላይ ጎረቤታሞች ተጠራርተን፣ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ፌስታሉን፣ ሃይላንዱን፣ አሮጌ ጫማውንና የሞተ እንስሳውን ለቅመን አወጣን። ያወጣነውን ዳር ላይ ከምረን ከፊሉን አቃጠልነው፤ የቀረውን የክረምቱ ጎርፍ መልሶ ወሰደው። ጥቅምት ላይ ጅረቱ እንደ ቀድሞው ሆኖ አገኘነው። ዘንድሮ እንድገመው ስንል ብዙዎች «ምን ዋጋ አለው?» ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ የዳሩን ቄጠማና ቁጥቋጦ መንጥረን ባሕር ዛፍ እንትከልበት ይላሉ። ከላይ በኩል አንድ ድርጅት በቱቦ የሚለቀው ፍሳሽም አለ። ምን ትመክሩናላችሁ?
አንዲት እናት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ውድ እናታችን፣ አምና የሠራችሁት ሥራ መልካም ነበር፤ የጎደለው ከሥራው በፊትና በኋላ መደረግ የነበረበት ነው። ዘንድሮ ጆንያ ከማንሳታችሁ በፊት፣ ሦስት ወይም አራት ሆናችሁ ጅረቱን ከሠፈራችሁ ወደ ላይ ተከትላችሁ በእግር ውጡ። ዝናብ ከጣለ በማግሥቱ ብትሄዱ ይሻላል፤ ያን ጊዜ እያንዳንዱ ቦይ ምን ይዞ እንደሚወርድ በዓይን ይታያል። ቆሻሻ የሚደፋበትን የአጥር ጥግ፣ መኪና የሚታጠብበትን መሻገሪያ፣ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ የሚያሾልከውን ግንብና ያነሡልንን ቱቦ አንድ በአንድ መዝግቡ። እነዚህ ቦታዎች ካልተዘጉ፣ በየዓመቱ የምታነሡት የሌላ ሰው ደጅ ቆሻሻ ይሆናል።

ሁለተኛው ጉዳይ ያወጣችሁት የሚሄድበት ነው። ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ተነጋግራችሁ የመኪናውን ወይም የጋሪውን ቀን ሳትቆርጡ ሥራ አትጀምሩ፤ ቆሻሻው አንዲት ሌሊት እንኳ ከጅረቱ ዳር ማደር የለበትም። ሃይላንዱን ለይታችሁ ለቁራሌው ብትሰጡት ጭነቱ በእጅጉ ይቀልላችኋል። ፕላስቲክ ማቃጠሉን ግን ፈጽሞ ተዉት፤ ጭሱ ለልጆችና ለአረጋውያን ሳንባ መርዝ ነው፣ አመዱም ተመልሶ ውኃው ውስጥ ይገባል። ውኃው በሬሳ ከገባ በኋላ ወደ ጀማ፣ ከዚያም ወደ ዓባይ እንደሚወርድ፣ በመንገዱም ከብት የሚያጠጡና አትክልት የሚያለሙ ገበሬዎች እንዳሉ አስቡ።

ለሥራው ወፍራም ጓንትና ቦት ጫማ ያስፈልጋል። መርፌና ስለት ያለው ነገር በእጅ አይነካም፤ በመቆንጠጫ ተነሥቶ ክዳን ባለው ጠንካራ ጀሪካን ውስጥ ይግባና ለጤና ጣቢያ ይሰጥ። ልጆች ከዳር ሆነው ይለዩ እንጂ ውኃው ውስጥ አይግቡ። ሰማዩ በላይ በኩል ከጠቆረ፣ እናንተ ጋ ፀሐይ ቢሆንም እንኳ ሁሉም ይውጣ፤ የደጋ ጎርፍ ድንገት ይደርሳል።

ስለ ቄጠማው የሚሉት ያሳስበናል። ቄጠማው ሥሩ አፈሩን ይዞ ዳሩን ከመናድ የሚያድን፣ ከመንገድና ከግቢ የሚወርደውንም ደለል የሚያጣራ ስለሆነ፣ የተጠላለፈበትን ፌስታል አውጡለት እንጂ እሱን አትንቀሉት። ባሕር ዛፍ ውኃ የሚመጥጥና ከሥሩ ሌላ ሣር እምብዛም የማያበቅል በመሆኑ ለጅረት ዳር አይመከርም። መትከል ከፈለጋችሁ ከፍ ባለው ዳር ወይራና የሐበሻ ጥድ ትከሉ።

አሁን «ምን ዋጋ አለው?» ወደሚሉት ጎረቤቶችዎ እንመለስ። ደቦ የአንድ ቀን ነው፤ ለጅረት የሚያስፈልገው እንደ ወንፈል ተራ የሚዞር ሥራ ነው። ከእናንተ ብዙ በማይርቀው መንዝ፣ የጓሳ ሣር ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንሥቶ እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ የተጠበቀው «ቄሮ» በሚባል የባለርስቶች ሥርዓት ነበር። ሣሩ የሚዘጋበትና የሚታጨድበት ጊዜ የተወሰነ ነበር፣ የሚመረጥ አለቃም ነበረው፣ ደንቡን የጣሰም ይቀጣ ነበር። ዛሬም ሥፍራው በማኅበረሰቡ ይጠበቃል። እናንተ ደግሞ እድር አላችሁ። ጉዳዩን ለእድሩ ስብሰባ አቅርቡ፤ ጅረቱ በሠፈሩ ልክ ይከፈል፣ እያንዳንዱን ክፍል አራት ወይም አምስት ቤተሰብ በወር አንድ ጊዜ ተራ ገብቶ ይመልከት፣ ቆሻሻ ሲደፋ የተገኘም በእድሩ ደንብ ይቀጣ። ትልቁ ጽዳት ክረምት ሳይገባ በግንቦት መሆኑ ትክክል ነው፤ ውኃው ከጎደለ በኋላ በጥቅምት ደግሞ አንድ ቀን ጨምሩበት።

የድርጅቱ ቱቦ ግን የእድር አቅም አይደለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው፣ ጉዳት እንደ ደረሰበት ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ ብክለት በሚያደርስ ላይ ለሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። ፍሳሹ የሚለቀቅበትን ቀንና ሰዓት፣ ቀለሙንና ሽታውን ለጥቂት ሳምንታት መዝግባችሁ፣ ፎቶግራፍ አያይዛችሁ በእድሩ ስም አስገቡ። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ፣ ከዚያ አንሥቶ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መክሰስ ትችላላችሁና፣ አቤቱታው ገቢ የሆነበት ቀንና ማኅተም ያለበትን ቅጂ ከእድሩ ጸሐፊ ዘንድ አስቀምጡ።