መልስ፦ ስለዚያች ጭራ አልባ ስለምትመስል ወፍ

ሰላም እህቴ። «ቪዲዮ ላይ ያየኋት ክብ፣ ባለ ረጅም እግር፣ ጭራ የሌላት ወፍ ምንድን ናት? አዲስ አበባስ ትገኛለች?» ብለሽ ነበር። አንትፒታ ትባላለች። ጭራ አላት፤ በጣም አጭር ስለሆነ ነው የማይታየው። እንኳን አዲስ አበባ፣ አፍሪካ ውስጥም የለችም። ቤተሰቡ ከ60 በላይ ዝርያዎች አሉት። የሚኖሩት ከሜክሲኮ እስከ ሰሜን አርጀንቲና ባሉ ደኖች ነው፤ አብዛኞቹ የደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች ላይ።

ውሎዋ መሬት ላይ ነው። ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ስር፣ በረገፈ ቅጠል መሃል ዘለል ዘለል ትልና ቀጥ ብላ ትቆማለች። ትልና ነፍሳት ትለቅማለች፣ እንደገና ትዘላለች። መብረር ብትችልም በእግሯ መሰወር ይቀናታል። ስለዚህ ከመታየቷ በፊት የሚሰማው ድምጿ ነው። ጆኮቶኮ የምትባለዋን ትልቅ ዝርያ ሳይንስ ያወቃት እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፣ ደቡብ ኢኳዶር ውስጥ። ያን ያህል ድብቅ ናቸው!

እኔን በጣም ደስ የሚለኝ የአንሄል ፓዝ ታሪክ ነው። ሚንዶ አካባቢ ያለ የኢኳዶር ገበሬ ነው። አንዲት ግዙፍ አንትፒታን ትል እየሰጠ አለማመዳት፣ ማሪያ ብሎም ሰየማት። ሲጠራት ከጫካው ትወጣለት ነበር። ዛሬ ደኑን ለማየት ከሩቅ አገር ሰው ይመጣል።

ዘመዷ ባትሆንም አመሏ የሚቀራረብ ወፍ እዚሁ አለችልሽ። በጠዋት ስድስት ኪሎ አካባቢ ዛፍ የበዛበት ግቢ ውስጥ ገብተሽ ሣሩን እይ። ብርቱካናማ መንቁር ያላት ቡናማ ወፍ ሮጥ ብላ ቆም ስትል ታገኛታለሽ፤ ትል ፍለጋ ላይ ናት። ቀስ ብለሽ ቅረቢያት።