ቅጠሉን ገልብጡት፦ ስለ ጥቃቅን ተባዮች ልጆች የላካችኋቸው ጥያቄዎች

ባለፈው ስለ ጓሮ አትክልት ከጻፍኩ በኋላ የመጡልኝ መልእክቶች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ "ምን ልርጭበት?" እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፤ ቅጠሉን ገልብጣችሁ አይታችኋል? ክንፍ ያወጣው ተባይ ዛሬ እናንተ ጋ፣ ነገ ጎረቤት ነው። ልጁ ግን የትም አይሄድም። ቅጠሉ ላይ ይወለዳል፣ እዚያው ይመገባል፣ እዚያው ያድጋል። ምን እንደመጣባችሁ፣ ከመጣስ ምን ያህል እንደቆየ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

አንበጣ ክንፍ ሳያወጣ ኩብኩባ እንደምንለው፣ ባለሙያዎች የአብዛኞቹን ልጆች "ኒምፍ" ይሏቸዋል። እኔ "ልጅ" እያልኩ እቀጥላለሁ።

ጎመኔ ላይ ነጭ ብናኝ አለ። የክሽክሽ እንቁላል ነው? (ከሰሚት፣ አዲስ አበባ)

አይደለም፤ ቆዳ ነው። ክሽክሽ፣ ማለትም የቅጠል ጭማቂ የምትመጠው ጥቃቅን ተባይ፣ እስክትጎለምስ 4 ጊዜ ቆዳዋን ትጥላለች። አሮጌው ይጠባትና ይሰነጠቃል፤ እሷ ወጥታ ትሄዳለች፣ ባዶው ቆዳ ቅጠሉ ላይ ይቀራል። እስቲ እፍ በሉት። ብን ካለ ቆዳ ነው። ሕያዋኑ እዚያው አጠገብ ተጠጋግተው ታገኟቸዋላችሁ፤ አመድ የተነሰነሰባቸው ይመስላሉ። አመዱ ከገላቸው የሚወጣ ሰም ነው።

እንቁላል ያላያችሁትም በምክንያት ነው። ሞቅ ባለ አገር የጎመን ክሽክሽ ያለ ወንድ ትወልዳለች፤ የምትወልደውም ሴት ሴቱን ነው። አንድ እሑድ ጠዋት ቡናዬን ይዤ ጓሮ ቁጭ ብዬ አንዷን በአጉሊ መነጽር አየኋት። ልጇ በጭንቅላቷ ሳይሆን በኋላዋ ቀድማ ወጣች። እግሮቿ ሆዷ ላይ ተጣጥፈው ነበር። ቀስ በቀስ ተዘረጉ፣ ቅጠሉን ያዙ፣ ተላቀቀች። ሲኒዬን ሳልጨርስ ልጅቷ ከእናቷ ጎን ቆማ ነበር። የሚገርመው ደግሞ ገና ስትወለድ ሆዷ ውስጥ ልጅ መፈጠር ጀምሯል። እናት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በአንድ ገላ ማለት ነው። ሞቅ ባለ ቀን በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን እሷም ትወልዳለች። ሰኞ 5 የነበሩት ክሽክሾች በወሩ ጎመኑን ለምን እንደሚያለብሱት አሁን ገባችሁ?

ከመካከላቸው ያበጡ፣ ቡናማ የሆኑና የማይንቀሳቀሱ ካያችሁ አትንኳቸው። ጥቃቅን ተርብ እንቁላሏን ውስጣቸው ጥላ ነው። ጀርባው ላይ ክብ ቀዳዳ ካለ ተርቧ አድጋ ወጥታለች። እነሱ በርከት ካሉ እባካችሁ መድኃኒት አትርጩ፤ ሥራው እየተሠራላችሁ ነው።

ቲማቲሙን ስነካው ነጫጭ ትንኞች ብን ይላሉ። ረጨሁ፣ ጠፉ፣ በሳምንቱ ተመለሱ። ከየት ነው የሚመጡት? (ከባሕር ዳር)

ከየትም አልመጡም፤ እዚያው ነበሩ። ነጭ ዝንብ ናቸው። ብዙ ጊዜ ርጭቱ የሚበሩትን ይገድልና እንቁላሉንና ለማደግ የተቃረቡትን ልጆች ይስታል።

ልጆቹን ያላያችኋቸው ነፍሳት ስለማይመስሉ ነው። ጠፍጣፋ፣ ብርሃን የሚያሳልፉ፣ ከቅጠሉ ጀርባ የተለጠፉ የዓሣ ቅርፊት ይመስላሉ። ከ1 ሚሊ ሜትር ያንሳሉ። ከእንቁላል ሲወጡ እግር አላቸው፤ ለጥቂት ሰዓት ይዞራሉ፣ ቦታ ይመርጣሉ፣ አፋቸውን ቅጠሉ ውስጥ ይሰካሉ። ከዚያ በኋላ ክንፍ አውጥተው እስኪበሩ ድረስ ከቦታቸው አይነሱም።

አሁን ደስ የሚለው ይመጣል። እናቲቱ እንቁላሏን የምትጥለው ጫፍ ላይ ባለው ለጋ ቅጠል ነው። ተክሉ ግን እያደገ ይሄዳል፤ የዛሬው ለጋ ከ3 ሳምንት በኋላ መሀል ወይም ታች ነው። ስለዚህ ተክሉን ከላይ ወደ ታች እንደ ካላንደር ታነቡታላችሁ። ከላይ እንቁላል። አንዳንዴ በግማሽ ክብ ተደርድሮ ታገኙታላችሁ፤ እናቲቱ አፏን ሰክታ እየጠጣች ዙሪያዋን እየዞረች ስለምትጥል ነው። ከሱ ዝቅ ብሎ ጥቃቅን ልጆች። ከዚያ በታች ወፈር ያሉ፣ ቀይ ዓይናቸው በሽፋኑ ውስጥ የሚታይ። እነዚህ ለመብረር ጥቂት ቀን የቀራቸው ናቸው። ከታች ባዶ ሽፋን፤ ጀርባው እንደ ላቲኑ "ቲ" ፊደል ተሰንጥቋል።

ቅጠሉን ወደ ጠዋት ፀሐይ ዘንበል አድርጋችሁ እዩት። ቀይ ዓይን ያላቸው የሞሉባቸውን የታች ቅጠሎች ቆርጣችሁ ፌስታል ውስጥ አስሩና ፀሐይ ላይ አስቀምጡ። ሳምንት ጠብቃችሁ ከመርጨት ይሄ ብዙ ይረዳል።

የሎሚ ዛፌ ቅጠል ጎርበጥ ጎርበጥ ብሏል፤ ብጉር የወጣበት ይመስላል። (ከጎንደር)

እያንዳንዱ ብጉር ከሥሩ ጉድጓድ አለው። በእያንዳንዱ ጉድጓድ ውስጥ አንድ ልጅ ተቀምጦ ነበር፤ ምናልባት አሁንም አለ። ጠፍጣፋ ነው፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴማ፣ ዙሪያውን ነጭ የሰም ዘርፍ አለው። በልኩ በተሰራ አልጋ የተኛ ሕፃን ይመስላል። አልጋውን ያሠራው ራሱ ነው፤ ሲመገብ ለጋው ቅጠል በዙሪያው እየሰረጎደ ይቀርጸዋል። 5 ጊዜ ቆዳ ቀይሮ ክንፍ ሲያወጣ ይሄዳል፤ ብጉሩ ግን ቅጠሉ እስኪረግፍ ይቀራል።

የዚህች ነፍሳት ሳይንሳዊ ስም ትሪዮዛ ኤሪትሬዬ ነው። በ1918 (እ.ኤ.አ.) ለሳይንስ የተገለጸችው ከኤርትራ ስለሆነ ስሟም ከዚያው ወጣ። ደጋና እርጥበት ትወዳለች፣ ኃይለኛ ሙቀት አይስማማትም። የጎንደር አየር ይመቻታል።

ስለዚህ ብጉሩን አይታችሁ አትደንግጡ፤ ገልብጡት። ጉድጓዱ ባዶ ከሆነ ያያችሁት ያለፈውን ነው። አዲሱ ቡቃያ ጠርዝ ላይ ቢጫ፣ እንደ ሩዝ ሾጠጥ ያሉ ጥቃቅን እንቁላሎች ካሉ ግን ገና መጀመሩ ነው። አንድ ነገር በቁም ነገር ውሰዱልኝ፦ ይህች ነፍሳት ሎሚና ብርቱካንን የሚያደርቅ "ግሪኒንግ" የሚባል በሽታ ታስተላልፋለች። ቅጠሉ ግማሹ ቢጫ ግማሹ አረንጓዴ እየሆነ ዥንጉርጉር ካለ የወረዳችሁን የግብርና ባለሙያ ጠርታችሁ አሳዩ። ከዚያ ዛፍ ችግኝ አታባዙ።

ሽንኩርቴ ብርማ ብርማ መሰለ። ትሪፕስ ነው ይሉኛል፣ ግን ምንም አይታየኝም። (ከመቂ)

ትሪፕስ ነው፤ ቦታውን ስላላወቁት ነው ያልታየዎት። የመሀሉን ቅጠሎች ከሥራቸው ፈልቅቀው አንገቱ ውስጥ ይዩ። ቢጫ፣ ክንፍ የሌላቸው፣ ከቅንጣት ክር የማይበልጡ ልጆች ሲሯሯጡ ያገኛሉ። ወይም ነጭ ወረቀት ከሥር ይዘው ሽንኩርቱን መታ መታ ያድርጉት። የግራ መንጋጋቸው ብቻ ነው የሚያድገው። በሱ ቅጠሉን ይበሱና ጭማቂውን ይጠጣሉ፤ ባዶው ቦታ አየር ሲገባበት ብርማ ይሆናል።

እንቁላሉ ቅጠሉ ሥጋ ውስጥ ነው። ልጆቹ የሚመገቡት በመጀመሪያዎቹ 2 ደረጃዎች ብቻ ነው። ከዚያ አብዛኞቹ አፈር ውስጥ ገብተው ሳይበሉ ይቆዩና ክንፍ አውጥተው ይወጣሉ። አንድ ርጭት ሁሉንም የማያገኛቸው ለዚህ ነው።

የቲማቲም ቅጠል ውስጥ ትል አለ። ቱታ ነው ሌላ? (ከአዳማ)

ቅጠሉን ወደ ፀሐይ አንሱት። ጠመዝማዛ ቀጭን መስመር ከሆነ የዝንብ እጭ ነው። ሰፋ ያለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ቦታ ሆኖ ትሉ ከውስጥ ከታየ፣ ከጭንቅላቱ ኋላም ጠቆር ያለ መስመር ካለው፣ ቱታ አብሶሉታ የሚባለው የእሳት ራት ልጅ ነው። አገራችን መግባቱ የታወቀው በ2012 (እ.ኤ.አ.) ነው። ቅጠሉን ለቅማችሁ አስወግዱ፣ ፍሬውንም ፈትሹ።

ልጄ 9 ዓመቷ ነው። በረንዳ ላይ ጎመን ተክለናል፣ ክሽክሽም መጥቷል። እንዴት ትከታተለው? ምን ልግዛላት? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ይሄ ጥያቄ ልቤን ሞላው። ዐሥር እጥፍ የሚያጎላ የኪስ ማጉያ ይበቃታል። አያያዙን ግን አሳያት፤ ማጉያውን ዓይኗ ሥር ትያዝ፣ ቅጠሉን ወደሱ ታምጣው። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያደርግና "አይታይም" ይላል።

አንድ ቅጠል ትምረጥ። ግንዱ ላይ ቀይ ክር እሰሩበት። ከላዩ ያሉትን ሁሉ በእርጥብ ብሩሽ አንሱና አንዲት ትንሽ ልጅ ብቻ አስቀሩ። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ትያት፣ በስልክ ፎቶ ታንሳት። ነጭ ቆዳ ባገኘች ቁጥር ደብተሯ ላይ ትጻፍ። አራተኛው ቆዳ ከወደቀ በኋላ አጠገቧ ሌላ ትንሽ ነገር ይቆማል። በመጨረሻው ደረጃ ትከሻዋ ላይ ጉብ ጉብ ያለ ነገር ካለ ክንፍ ልታወጣ ነው።

እናንተ ጋ ደግሞ እኛ የማናየው ነገር አለ። ብርዱ ሲቃረብ ክሽክሾቹ ወንድ ይወልዳሉ፣ እንቁላል የሚጥሉ ሴቶችም ይመጣሉ። የብርዱን ወራት የሚያልፈው እንቁላሉ ነው። ኅዳር አካባቢ ጎመኑን ነቅላችሁ አትጣሉት። ግንዱ ላይ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ ጥቃቅን ነገር ትፈልግ። ካገኘች ፎቶውን ላኩልኝ፤ እኔም በዓይኔ አይቼው አላውቅም።