ሳትሰናበቱ ከግቢ አትውጡ

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው የ12ኛ ክፍል ውጤታችሁን አይታችሁ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ለመሙላት ለተዘጋጃችሁት ነው። በዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር፣ ማለትም በተማሪዎች ምዝገባና መዝገብ ሥራ ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። ከወረኢሉ፣ ከአምባሰል፣ ከቃሉ የሚመጡ ልጆችን ሳስተናግድ ኖሬያለሁ። ብዙ ጎበዝ ልጅ ትምህርቱ ሳይከብደው፣ ማንን እንደሚጠይቅ ባለማወቁ ብቻ መንገድ ላይ ሲቀር አይቻለሁ። ዛሬም ያንገበግበኛል።

ከምርጫው ልጀምር። ኢንተርኔት ቤት ገብታችሁ «አንተው ሙላልኝ» አትበሉ። አንዲት ልጅ ወልድያን አንደኛ አድርጌያለሁ ብላ ስትጠብቅ፣ የደረሳት አገር አቋርጣ የምትሄድበት ሆነ። የሞላላት ልጅ ቅደም ተከተሉን አገላብጦት ኖሯል። ምደባ አንዴ ከወጣ ማስቀየር በጣም ከባድ ነው። የጤና ችግር ወይም የአካል ጉዳት ያለባችሁ፣ የምታጠቡ እናቶችም፣ ማስረጃችሁን ምደባው ሳይወጣ አስገቡ።

ቤተሰብ አጠገብ መማር ለብዙዎቻችሁ ትልቅ ነገር ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ግቢ አለው። ወልድያ አለ። ቱሉ አውሊያ ላይ ደግሞ መቅደላ አምባ አለ። ግን ዲፓርትመንት የሚመረጠው ከገባችሁ በኋላ ስለሆነ፣ የምትፈልጉት ትምህርት እዚያ መኖሩን አስቀድማችሁ አጣሩ። 50 ከመቶ ያልሞላላችሁም አብሽሩ፤ የሪሚዲያል (የማካካሻ ትምህርት) መግቢያ ነጥብ ሲወጣ በደንብ ተከታተሉ።

አሁን ወላጆችን ወደሚያስጨንቀው ልምጣ። አንድ አባት ከወረባቦ ልጃቸውን ይዘው መጡ። የወጪ መጋራት ውሉን ሲያዩ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ መልሰው አስቀመጡት።

«ልጄን ባለዕዳ አድርጌ አልመለስም» አሉኝ።

ወንበር ሰጥቻቸው መስመር በመስመር አነበብኩላቸው። የወጪ መጋራቱ፣ ኮስት ሼሪንግ የሚባለው፣ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ አሠራር ነው። የምግቡና የመኝታው ወጪ፣ ከትምህርቱም የተወሰነው፣ በተማሪው ስም ይመዘገባል። የሚከፈለው ተመርቆ ሥራ ከያዘ በኋላ፣ ከደመወዙ ላይ እየተቆረጠ ነው።

«እንግዲያ መሬቴን አይነኩብኝም?»

«አይነኩም፣ አባቴ።»

ፈረሙ። እናንተም ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡት፤ ለአባትና ለእናታችሁም አንብቡላቸው። ሌላው፣ የምግቡን ብር በእጅ ወስዶ ራስን ችሎ ለመብላት፣ ነን ካፌ ለመሆን አትቸኩሉ። ወር ሳይሞላ እጃችሁ ላይ ያልቃል።

ግቢ በገባችሁ በመጀመሪያው ሳምንት የተማሪዎች ዲን ቢሮ የት እንደሆነ እዩ። ክሊኒኩንም እዩ። ሴት ልጆች፣ የሥርዓተ ጾታ ቢሮውን በር አንኳኩ። በብዙ ግቢ ቲቶሪያል (የማጠናከሪያ ትምህርት) ያዘጋጃሉ፣ ለደብተርና ለንጽህና መጠበቂያ ላጠራትም የሚችሉትን ያደርጋሉ። ይህን መጠየቅ ልመና አይደለም። ለእናንተ ተብሎ የተቀመጠ ነው።

ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ ግን ይህን ነው። አንድ ቀን ጠዋት አንድ ልጅ መስኮቴ ላይ ቆመ። መታወቂያውን በፌስታል ጠቅልሎ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ መመለሱ ነው። አባቱ ታመውበት፣ አጨዳ ደርሶ፣ ለዶርም ጓደኛው ብቻ ነግሮ በሌሊት አገሩ ገብቷል። መዝገቡን ከፈትኩት። የዚያ ሴሚስተር ውጤቱ ከላይ እስከ ታች ኤፍ ነበር። ለእሱ የአባቱ ሕመም ነው፤ ለመዝገቡ ግን ጥሎ የጠፋ ተማሪ ነው። ዊዝድሮዋል፣ ማለትም ትምህርት የማቋረጫውን ቅጽ፣ ሞልቶ ቢሆን ኖሮ፣ ሪአድሚሽን (መልሶ መግባት) ጠይቆ ካቆመበት ይቀጥል ነበር። እኔ ላደርግለት የቻልኩት ማመልከቻ መጻፍ ብቻ ነበር።

ቤት ችግር ሊገጥማችሁ ይችላል። ብር ሊያልቅባችሁ፣ ልትታመሙ ትችላላችሁ። መሄድ ካለባችሁ ሂዱ፤ ግን ቅጹን ሞልታችሁ፣ አስፈርማችሁ፣ ኮፒውን ይዛችሁ። የዶርም ጓደኛችሁ ማታ ሻንጣውን ሲያስር ካያችሁት ደግሞ እስኪነጋ እንዲቆይ ለምኑት፤ ጠዋት ቢሮ ድረስ አብራችሁት ሂዱ።