ልቦለዱ ሳያልቅ ላርመው ወይስ ልቀጥል?

የላክሽልኝን ደጋግሜ አነበብኩት። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ልቦለድ ጀምረሻል፤ ግማሹን አልፈሽ ዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ ቆመሻል። እዚያ ስትደርሺ የዋናዋ ገጸ ባሕርይ ወንድም ለታሪኩ እንደሚያስፈልግ ገባሽ፤ ችግሩ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ገድለሽዋል። «ተመልሼ ከመጀመሪያው ላርም ወይስ ልቀጥል?» ብለሻል። በዚያ ላይ ትምህርትሽን ልትጨርሺ ነው፣ ሥራ ፍለጋው ይጠብቅሻል፣ ሥራ ከያዝኩ ልቦለዱ ተንጠልጥሎ ይቀራል የሚል ስጋትም አለሽ።

ቀጥዪ። ወደ ኋላ አትመለሺ። ወንድምየውን ግን ከዛሬ ጀምሮ በሕይወት አኑሪው።

እንዴት? አንድ የማስታወሻ ፋይል ክፈቺ፤ «ምዕራፍ 3፦ ወንድሟ አይሞትም፣ ይሰወራል» ብለሽ ጻፊና ዝጊው። ከዚያ አሥረኛውን ምዕራፍ ሰውየው ጭራሽ ሞቶ እንደማያውቅ አድርገሽ ጀምሪ። ረቂቁን ከአንቺ በቀር ያየው የለም፤ «ቅድም ሞቶ አልነበር እንዴ?» ብሎ የሚጠይቅሽም የለም። ሦስተኛው ምዕራፍ መታረሙ አይቀርም፣ ይታረማል። ግን ውሳኔሽ ይጽና አይጽና ገና አላወቅሽም። አሥራ አራተኛው ምዕራፍ ላይ ስትደርሺ ቤተሰቡን የከዳው ራሱ ወንድምየው ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ያኔ ዛሬ ሳምንት ሙሉ ለፍተሽ ያስተካከልሽው ምዕራፍ እንደገና ይፈርሳል። በየለውጡ ወደ ኋላ የሚመለስ ሰው አንዱን ሥራ ሦስቴ ይሠራል፣ መጽሐፉም ፈቅ አይልም።

የመጀመሪያው ምዕራፍ ነገርማ ይብሳል። በቃሌ እስክይዘው ድረስ ደጋግሜ ጽፌዋለሁ ብለሻል። የመክፈቻ ምዕራፍ ዋና ሥራው ለመጨረሻው መንገድ መጥረግ ነው፤ አንቺ ደግሞ መጨረሻው ገና የለሽም። ታዲያ በምን ለክተሽ ነው የምታሳምሪው? ሌላም ጣጣ አለው፤ የተኳለ ዓረፍተ ነገር ለመሰረዝ ያሳሳል። ነገ ምዕራፉ ሙሉ በሙሉ መውጣት እንዳለበት ቢገባሽ እንኳ፣ ያን ያህል የደከምሽበትን ላለመጣል ስትዪ ታሪኩን ታጣምሚያለሽ።

ልንገርሽ አይደል፣ ብዙ ጊዜ እርማት የሚባለው ነገር አሥረኛውን ምዕራፍ መሸሻ ነው። ባዶ ገጽ ያስፈራል። የተጻፈ ገጽ ላይ ቃል መለዋወጥ ግን «ዛሬ ሠርቻለሁ» ያስብላል፣ ደስም ይላል። ራስሽን መፈተን ከፈለግሽ የሳምንቱ መጨረሻ ላይ ታሪኩ ወደፊት ሄዷል ወይ ብለሽ ጠይቂ። የተቀየሩት ቃላት ብቻ ከሆኑ ሽሽት ነው። ትናንት የጻፍሽውን ዛሬ ጠዋት እያስተካከልሽ መሟሟቅ ግን ሌላ ነው፤ ብዙ ጸሐፊዎች ያደርጉታል፣ አዲስ ገጽ ላይ እስካደረሰሽ ድረስ ምንም ችግር የለውም።

መመለስ ግድ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ለምሳሌ ተራኪውን መቀየር ካማረሽ፣ «እኔ» እያለች የምታወራው ሴት «እሷ» ትሁን ካልሽ፣ ሁሉንም አትገልብጪ፤ አንድ ምዕራፍ ብቻ በአዲሱ ድምፅ ሞክሪና ከጣመሽ ከዚያው ወደፊት ቀጥዪ። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ቀጥሎ ምን እንደሚሆን ጨርሶ የማታውቂበት ጊዜ ነው። ያኔ የቆምሽው ዘጠነኛው ላይ ቢሆንም መንገዱ የጠፋሽ ስድስተኛው ላይ ሊሆን ይችላል። ረቂቁን ከዳር እስከ ዳር አንብቢው፤ እስክሪብቶ ሳትይዢ፣ አንዲት ፊደል ሳታርሚ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ትዕይንት አንድ መስመር ጻፊ፦ ማን ምን ፈለገ፣ ትዕይንቱ ሲያልቅ ምን ተቀየረ። «ምን ተቀየረ» ለሚለው መልስ የጠፋላቸው ትዕይንቶች ተከታትለው ከመጡ ቀዳዳው እዚያ ነው። እዚያ ድረስ ተመለሺና ከዚያ ወዲህ ያለውን እንደ አዲስ ጻፊ። ከዚያ በፊት ያለውን አትንኪ። አሮጌውን ፋይል ደግሞ እንዳታጠፊ፤ በሌላ ስም አስቀምጪው።

ወደ ሥራው ጉዳይ ልምጣ። የመጀመሪያ ልቦለዱን ይዞ ወደ አሳታሚ የሚሄድ ሰው በአብዛኛው የሚጠየቀው ያለቀ ረቂቅ ነው። ልቦለድ ያልሆነ መጽሐፍ በዕቅድና በናሙና ምዕራፎች ብቻ ተቀባይነት ሊያገኝ ይችላል፤ ልቦለድ ግን የሚፈረደው መጨረሻው ታይቶ ነው። መጀመሪያ ጥቂት ገጽ ብቻ ላኩ የሚሉትም ቢሆኑ ከወደዱት ቀሪውን መጠየቃቸው አይቀርም። ያኔ አምስት የተወለወሉ ምዕራፎች ብቻ ይዘሽ ብትገኚ ነገሩ እዚያው ይቆማል። ሲቪሽ ላይም ያላለቀ ልቦለድ አትጻፊ፤ ከጽሑፍ ጋር የተያያዘ ሥራ ስታመለክቺ ያለቀች አንድ አጭር ልቦለድ ብታያይዢ በጣም ትሻልሻለች።

ሥራ ከያዝኩ ይቀራል ያልሽው ግን አልታየኝም። ረቂቅ መጻፍ በሽርፍራፊ ሰዓት ይቻላል። ማታ ግማሽ ሰዓት፣ ጠዋት ጥቂት መስመር፤ ነገ የምትጽፊው ትዕይንት ምን እንደሆነ ካወቅሽ ይበቃል። በሽርፍራፊ ሰዓት የማይሆነው ትልቁ እርማት ነው። ማን መቼ ምን እንዳወቀ፣ የትኛው ምዕራፍ የትኛውን መቅደም እንዳለበት፣ ይሄን ሁሉ ባንድ ጊዜ ጭንቅላትሽ ውስጥ መያዝ ስላለብሽ ያልተቆራረጡ ቀናት ያስፈልጉሻል። ስለዚህ ሥራ እየፈለግሽም፣ ሥራ ይዘሽም ረቂቁን ወደፊት ግፊው። ሲያልቅ ለጥቂት ሳምንታት እንዳታዪው፤ ያ ጊዜ ከቃለ መጠይቅ ሩጫ ጋር ቢገጣጠም እንዲያውም ጥሩ ነው። ረዘም ያለ ፈቃድ ስታገኚ ለእርማቱ አውዪው። ስታርሚ ከትልቁ ጀምሪ፦ መጀመሪያ የታሪኩ አካሄድ፣ ቀጥሎ ትዕይንቶቹ፣ ከዚያ ዓረፍተ ነገሩ። የትኛው «ሀ» የት ይግባ የሚለውን ለመጨረሻው ዙር ተዪው።

ለጓደኞችሽ የምትሰጪውም ከመጀመሪያው ዙር እርማት በኋላ ይሁን። ግማሹን አሁን ካሳየሻቸው ገና ያልወሰንሽውን ነገር እነሱ ይወስኑልሻል፣ አስተያየታቸውም ተመልሶ ምዕራፍ አንድ ላይ ያስቀምጥሻል።