ልጄን ቤት ላስተምረው ወይስ ሥራዬን ልፈልግ?

የዛሬዋ ጠያቂዬ የ27 ዓመት ወጣት ናት። የጻፈችልኝ ከፍኖተ ሰላም ነው። በአካውንቲንግ ተመርቃለች፤ የመውጫ ፈተናውንም አልፋለች። ሥራ ግን እስካሁን አልተገኘም። የ5 ዓመት ወንድ ልጅ አላት። ሰፈሯ ያለው መዋዕለ ሕፃናት ጸጥታው ሲደፈርስ ይዘጋል፣ ሲረጋጋ ይከፈታል። ደብዳቤዋ ረጅም ነው፤ ዋና ዋናው ይኸውላችሁ።

«ጋሼ፣ ልጄ ፊደል ሳይቆጥር እያደገብኝ ነው። ቤት ላስተምረው ብዬ ጀመርኩ፤ በሦስተኛው ቀን ሁለታችንም አለቀስን። ይባስ ብሎ ጎረቤቶቼ የእኛንም ልጆች ጨምሪልን፣ እንከፍልሻለን አሉኝ። ሰባት ልጆች ናቸው። ይህ ሥራ ይባላል? ወይስ ከሙያዬ ጨርሼ መውጣቴ ነው? ደግሞ ልጁ ግራኝ ነው። አማቴ እጁን በጨርቅ ታስርበታለች። ምን ልበላት?»

እታለም፣

ልጅሽን፣ የሰው ልጆችንና ሥራሽን አንድ ላይ ቋጥረሽ ነው የተሸከምሽው። ለዚህ ነው የከበደሽ። አንድ በአንድ እንፍታቸው። ከልጁ እንጀምር፤ እሱ ነው የሚቸኩለው።

ያለቀሳችሁበትን ቀን ልገምት። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ አስቀመጥሽው። ደብተር፣ እርሳስ፣ ሀሁ። 15 ደቂቃ ዕረፍት፣ ከዚያ እንደገና እስከ 6 ሰዓት። ትምህርት ቤቱን እንዳለ ነቅለሽ ቤትሽ ውስጥ ተከልሽው። ትምህርት ቤት እኮ ግማሽ ቀን የሚፈጀው ልጁ ብዙ ስለሆነ ነው። ስም ይጠራል፣ ሰልፍ ይያዛል፣ አንዱ ሽንቴ መጣ ይላል፣ አንዱ የጓደኛውን እርሳስ ይቀማል። አንቺና እሱ ብቻ ስትሆኑ በቀን አንድ ሰዓት ይበቃችኋል። እሱንም ቆራርሰሽ ነው። ሩብ ሰዓት ከቁርስ በኋላ፣ ሩብ ሰዓት ቡናው እስኪፈላ፣ ሩብ ሰዓት ከሰዓት በኋላ። ማታ ደግሞ ተረት። ከዚያ በላይ ብታስቀምጪው ገላው ነው የሚቀመጥልሽ፣ ልቡ ደጅ ነው።

ጊዜውም አልመሸብሽም። አንደኛ ክፍል የሚገባው በ7 ዓመቱ ነው። በ2015 ዓ.ም የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ከአንደኛ ክፍል በፊት የ2 ዓመት ቅድመ አንደኛ ነው ያስቀመጠው። ልጅሽ ገና መነሻው ላይ ነው ያለው። የእገሊት ልጅ እስከ መቶ ይቆጥራል ሲሉሽ «እሰይ» በያቸውና ሥራሽን ሥሪ።

ስለ ፊደል ግን ትንሽ ላውራሽ፤ እዚህ ላይ ራሴም ተሳስቼ አውቃለሁ። የመጀመሪያ ልጄን ያስተማርኳት በጥድፊያ ነበር። ሀሁን እንደ ውሃ ታወርደዋለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር «እስቲ በይላቸው» እላለሁ፣ ከሀ እስከ ፐ ትለዋለች፣ እንግዳው ያጨበጭባል፣ እኔም ደረቴን እነፋለሁ። አንድ ቀን ቀልድ መስሎኝ ጣቴን መሃል ላይ፣ «ቀ» ላይ አሳረፍኩ። ዝም አለች። ከዚያ በለሆሳስ ከሀ ተነሳች። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ… እያለች ወረደችና ጣቴ ያለበት ስትደርስ ቀና ብላ «ቀ!» አለችኝ። ለካ ልጅቷ የያዘችው ዜማውን ነው። ፊደሉን አታውቀውም።

የኔታዎቻችን ይህን ጉድ ጥንት ነው የነቁበት። ሀሁ የጨረሰውን ልጅ አቡጊዳ የሚያስገቡት ለዚህ ይመስለኛል። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። የፊደሉ ተራ ይቀየራል፣ ድምፁም አብሮ ይቀየራል። በቃሉ የሸመደደ ልጅ እዚያ ላይ ይያዛል። በጎጃም ስንቱ የቅኔ ሊቅ ከደብሩ ንባብ ቤት ተነስቶ ነው ስመ ጥሮቹ የቅኔ ቤቶች ዲማና ዋሸራ የደረሰው። ልጅን ከመንግሥት ትምህርት ቤት ውጭ ፊደል ማስቆጠር ለአገራችን ብርቅ አይደለምና አትሸማቀቂ። ከየኔታ የማልወስደው አለንጋቸውን ብቻ ነው።

33ቱን የፊደል ቤት በ7 አባዢው፤ 231 ይመጣል። ለ5 ዓመት ልጅ ተራራ ነው። ሙሉውን ገበታ ግድግዳ ላይ ለጥፈሽ አታስፈራሪው። እኔ ብሆን በስድስት ቤት ነው የምጀምረው። ለ፣ በ፣ ሰ፣ ተ፣ ከ፣ አ። ከነእርባታቸው 42 ናቸው።

እነዚህን የመረጥኳቸው ቅርጻቸው ሥርዓት ስለሚጠብቅ ነው። ካዕቡ ወገቡ ላይ ወደ ቀኝ ጭረት ያወጣል፤ ሉ፣ ቡ፣ ሱ። ሣልሱ ያችኑ ጭረት እግሩ ሥር ያወርዳታል፤ ሊ፣ ቢ፣ ሲ። ኃምሱ እግሩ ላይ ቀለበት ያስራል፤ ሌ፣ ቤ፣ ሴ። ሥርዓቱን በ«ለ» እና በ«በ» አሳዪውና «ሰ» ላይ ስትደርሺ ዝም በይ። ራሱ ይገምት። ሲያገኘው ፊቱን ማየት ነው። ስድስተኛው፣ ሳድሱ (ል፣ ብ፣ ስ) አመለኛ ስለሆነ እሱን በልምድ ይይዘዋል። «ረ»ን እና «ፈ»ን ለኋላ አቆዪአቸው፤ ሩና ፉ ሥርዓቱን ያፈርሱብሻል።

ሌላም ጥቅም አለው። በነዚያ 42 ፊደላት ብቻ ስንት ነገር ይነበባል መሰለሽ! ቤት። አባት። ቤተሰብ። ልብስ። ተልባ። ስልክ። እባብ። ኩበት። «ኩበት»ን ሲያነብ እንደሚስቅ እወራረዳለሁ። ሰከላም ይነበባል፤ ግሽ ዓባይ ያለበት አገር ነው በይው። ልጅ ሙሉ ቃል ባነበበ ማግስት ፊደል ማጥናቱን እንደ ቅጣት አያየውም። የሱቁን ታፔላ፣ የሳሙናውን ካርቶን፣ ያገኘውን ሁሉ ማንበብ ይጀምራል። ሀ፣ ሐ እና ኀ ለምን ሦስት ሆኑ ብሎ ቢያፋጥጥሽ «ድሮ በግዕዝ ድምፃቸው ይለያይ ነበር» በይው፤ እውነትም ነው።

ምናልባት ያስለቀሰው እርሳሱ ይሆናል። ጣቱ ገና አልጠናም። በቆሎ ይፈልፍል፤ ይኸ በእናንተ አገር አይጠፋም። ከባቄላው አተር ይልቀም። ሊጥ ስጪው፣ ያድቦልቡል። መጀመሪያ አመድ ላይ በጣቱ ይጻፍ፣ ቀጥሎ በጠመኔ በበር ጀርባ፣ እርሳስ ከዚያ በኋላ ነው።

ቁጥሩን ጓዳ ነው የምታገኚው። እንግዶቹ አምስት ናቸው፣ ስንት ስኒ ይወጣል? አንዱ ተሰበረ፣ ስንት ቀረ? ጤፉ ስንት ጣሳ ሆነ? ገበጣ አጫውቺው፤ አፈር ላይ ጉድጓድ ቆፍራችሁ በየጉድጓዱ 4 4 ጠጠር። አንድ አንድ እያደረገ ሲዘራ መቁጠር ብቻ አይደለም የሚማረው፤ የት ላይ እንደሚያልቅበት አስቀድሞ ማስላት ይጀምራል። ሱቅ ስትልኪው መልሱን ራሱ ቆጥሮ ያምጣ።

ማታ ማታ እንቆቅልህ ተጫወቱ። መልሱን ሲያጣ «አገር ስጠኝ» ትይዋለሽ አይደል? ነገር ግን አገሩን ዝም ብሎ አይስጥሽ፤ በመኪና መንገዱ ተራ ይስጥ። ከደጀን ይነሳ። ደብረ ማርቆስ፣ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ እንጅባራ፣ ዳንግላ፣ መራዊ፣ ባሕር ዳር ሲደርስ እንቆቅልሹ ያልቃል። ጂኦግራፊ ብለሽ መጽሐፍ አትግዢ።

የቀረውን ሰዓት ልቀቂው። ከመንደር ልጆች ጋር ይሩጥ፣ ይጣላ፣ ይታረቅ። ቤት የሚማር ልጅ የሚጎድለው እሱ ነው፤ አንቺ ብትፈልጊም እንደ እኩያ ልትጣዪው አትችዪም። የልደት ምስክር ወረቀቱን እስካሁን ካላወጣሽለት ደግሞ አሁኑኑ አውጪለት። ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤትም ብቅ በይ። ቤት የተማረ ልጅ አንደኛ ክፍል ሲገባ ምን እንደሚጠይቁት ከአፋቸው ስሚ። መዋዕለ ሕፃናቱ በተከፈተ ቀን ላኪው፤ የቤቱ ትምህርት ከዚያ ጋር አይጣላም።

አሁን ወደ ሰባቱ ልጆች። አሁን እሺ አትበያቸው። ሁለት ወር የራስሽን ልጅ ብቻ ያዢ። በሦስተኛው ቀን ያለቀሰች አስተማሪ ስምንት ሕፃን ብትይዝ ስንት ቀን ትቆያለች? ከሁለት ወር በኋላ ሦስት ልጅ ጨምሪ፤ ዕድሜያቸው ከልጅሽ ጋር የሚቀራረብ። ወላጆቹን ቡና ጠጡ ብለሽ ጥሪና ነገሩን አስቀድመሽ ቋጪ። በሳምንት ስንት ቀን? ከስንት እስከ ስንት ሰዓት? ልጅ ሲታመም ሂሳቡ እንዴት ይሆናል? አንዷ በብር ፈንታ በርበሬ ወይም ጤፍ ልስጥሽ ብትልሽ አትከፊ፤ ግን ልኩን ተነጋገሩ። ጎረቤት የሚጣላው «እንተዋወቅ የለ» ተባብሎ በተተወ ሂሳብ ነው።

ስሙንም አታግንኚው። የምትሠሪው ማስጠናት ነው። «መዋዕለ ሕፃናት» ብለሽ ታፔላ የሰቀልሽ ዕለት ፈቃድ፣ ግቢ፣ መጸዳጃ፣ የሠለጠነ መምህር ልትጠየቂ ነው፣ ተገቢም ነው።

ከሙያዬ ወጣሁ ወይ ላልሽኝ፣ እኔ አልወጣሽም ባይ ነኝ። እንዳትወጪ ግን መዝገብ ያዢ። ገቢ፣ ወጪ፣ የልጆቹ መገኘት፣ የገዛሽው ጠመኔ ሳይቀር በቀን በቀኑ ይግባ። የተማርሽው ይህንን አይደል? ቃለ መጠይቅ ላይ «ላለፉት ሦስት ዓመታት ምን ስትሠሪ ነበር?» ሲሉሽ አንገት ከመድፋት ያን መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ ይሻላል። ሲቪሽ ላይም እንደሆነው ጻፊው። «ለሕፃናት ፊደልና ቁጥር አስጠናለሁ፤ የገቢና ወጪ መዝገብ እይዛለሁ» በቂ ነው። ሦስት ልጅ አስጠንታ «መሥራችና ዋና ሥራ አስኪያጅ» ብላ የጻፈች ልጅ ገጥማኛለች። ጠያቂዎቹ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው እንደነበር ራሷ ነች ያጫወተችኝ።

የሥራ ፍለጋሽ ሰዓት ግን አይነካ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከ8 እስከ 10 ሰዓት፣ ልጁን አማትሽ ትያዝልሽ። ማስታወቂያ ሰሌዳ እዪ፣ ኔት ሲኖር ቴሌግራሙን ፈትሺ፣ ማመልከቻ አስገቢ። «ልጁ ተኝቶ ሲያንቀላፋ እሠራዋለሁ» ካልሽ አትሠሪውም። እኔ አውቃለሁ፤ ልጁ ሲተኛ እናቱም ትተኛለች።

ምናልባት ደግሞ ማስተማሩ ሊጥምሽ ይችላል። እንዲህ ዓይነት ሰው አይቻለሁ፤ ጊዜ ማሳለፊያ ብሎ ገብቶ እዚያው የቀረ። ከሦስት ወር በኋላ ጠዋት ስትነሺ ልጆቹ እስኪመጡ ከቸኮልሽ፣ እዚያው ከተማሽ ያለው የፍኖተ ሰላም መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ሂጂና የቅድመ አንደኛ ሥልጠና እንዴት እንደሚገባ ጠይቂ። ማታ ይሰጣል? በክረምት? በዲግሪሽ ይቀበሉሻል? እግርሽ ነው የሚደርሰው። ካልጣመሽ ደግሞ የልጅሽን ብቻ ይዘሽ ሂሳብሽ ላይ ጽኚ። የሰው ልጅ እየመረራት የምታስጠና ሴት ልጆቹ ያውቁባታል።

ግራ እጁን በተመለከተ፣ ጨርቁን ዛሬውኑ ፍቺው። ግራኝነት አብሮት የተፈጠረ ነው እንጂ አመል አይደለም። እጁን ብታስሪው ጽሑፉ ይዘገያል፣ እርሳስም ይጠላል። ወረቀቱን ትንሽ ወደ ቀኝ አዘንብለሽ አስቀምጪለት፤ የጻፈውን በእጁ እንዳያብስ እርሳሱን ከጫፉ ራቅ አድርጎ ይያዝ። አማትሽን አትጋፈጪያቸው፤ ክፉ አስበው አይደለም። በግራ መብላት ነውር ነው ካሉ በቀኙ ይብላ፣ እሱን ስጫቸው። ለመጻፍ ግን ግራውን ይተዉለት። ልጁ በግራ እጁ ስማቸውን ጽፎ ይውሰድላቸውና ከዚያ በኋላ ያሉትን ጻፊልኝ።